ዘመዶቻችን

እስከ ዘጠኝ ዓመቴ ድረስ በዳላስ ከተማ የእኛን ያህል ዘመድ ያለው ቤተሰብ ያለ አይመስለኝም ነበር።

ደብዳቤ የሚያድለው ሰውዬ ዘመዳችን ነው። የትምህርት ቤት አውቶቡሴን የምትነዳው ወፍራም ሴትዮ ዘመዳችን ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ከአፓርታማው ጀርባ ቅርጫት ኳስ የሚጫወቱት ጎረምሶች፣ ከነጩኸታቸው፣ በሙሉ የሥጋ ዘመዶቻችን ናቸው። ይህን ከራሴ አላመጣሁትም። አባቴ ከታክሲው ወርዶ ገና ጫማውን ሳያወልቅ፣ "ዛሬ ደግሞ አንዱ ዘመዳችን ሳይከፍል ወርዶ ሮጠ" ይላል። እናቴ በስልክ፣ "ዘመዶቻችን የሞሉበት የሥራ ሺፍት ደረሰኝ" ትላለች። ጋሽ ምናሴ ሶፋችን ላይ ተንጋሎ፣ "ኧረ መስኮቱን ዝጉት፣ ዘመዶቻችን ሙዚቃቸውን ለቀቁት" ይላል። ሁሉም ይስቃሉ። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ዘመድ የሚታማ ነገር እንደሆነ ገብቶኛል። አባቴ አዲስ አበባ ስላለው ታላቅ ወንድሙ የሚያወራውም ከዚህ በባሰ አኳኋን ነበር።

ቃሉን የፈጠረው ጋሽ ምናሴ መሆኑን የሰማሁት ካደግኩ በኋላ ነው። ጋሽ ምናሴ የአባቴ የሱዳን የስደት ጓደኛ ነው። ከእኛ ቀድሞ ዳላስ ገባ። እኛ ስንመጣ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ መጥቶ የተቀበለን፣ ለአባቴ የሚከራየውን ታክሲ፣ ለእናቴ የአረጋውያን መጦሪያውን ሥራ ያገኘላቸው እሱ ነው። ስለዚህ በቤታችን የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ሁልጊዜ እሱ ነበር።

በፊት "ጥቁሮቹ" ነበር የሚሏቸው። ይህን ቃል ያበላሸባቸው የሚስ ኤርነስቲን ጆሮ ነው። ሚስ ኤርነስቲን በመጦሪያው ውስጥ ከእናቴ ጋር በአንድ ፎቅ አዛውንት የምታጥብ፣ የምታለብስ፣ ከአልጋ የምታነሳ ሴት ናት። በዕድሜ እናቴን ትበልጣታለች። ከሐበሾቹ ሠራተኞች አንዳንድ ቃል እየለቀመች "ውሃ"፣ "ነይ"፣ "በቃ" ማለት ለምዳለች። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ሁለት ሐበሾች ስለ እሷ "ጥቁሯ" እያሉ ሲያወሩ ዞር ብላ፣ "ጥቁር፤ እኔን ነው አይደል?" አለቻቸው፣ ፈገግ ብላ። ወሬው ጋሽ ምናሴ ዘንድ ደረሰ። ጋሽ ምናሴ ትንሽ አሰበና፣ "ሶ፣ ከዛሬ ጀምሮ ዘመዶቻችን በሏቸው" አለ። "ቢሰሙ አይከፋቸውም፤ ቢገባቸውም ደስ ይላቸዋል።"

ይህችን አባባሉን ለብዙ ዓመት ሳገላብጣት ኖሬያለሁ። ሰው ፊት ለፊት ሲሰደብ ቢያንስ መልስ ይሰጣል። ይሄኛው ግን የተሰደበው ሰው ራሱ አመስጋኝ እንዲሆን ተደርጎ የተሠራ ስድብ ነው። ለዚህ ብልሃቱ ነው ጋሽ ምናሴ እስከዛሬ ጨዋታ አዋቂ የሚባለው።

እኔ ሚስ ኤርነስቲንን የወደድኳት በዘመድነቷ ነው። ትምህርት ቤት ስሜን መጥራት አቅቷቸው "ሰርከስ" ይሉኝ ነበር፣ መምህሯ ጭምር። ሚስ ኤርነስቲን ግን መጀመሪያ የተገናኘን ዕለት ጎንበስ ብላ አፌን እያየች ደጋግማ አስባለችኝና፣ "ሰር-ካ-ዲስ" አለች፣ አንድም ፊደል ሳትስት። "ሰው ስምሽን ሲያበላሸው ዝም አትበይ፣ እሺ?" ዘመድ ካልሆነች ይህ ምን አስጨነቃት? ግንባሯም እንደ እናቴ ሰፊ ነው። አክስቴ ናት ብዬ ወሰንኩ። የማን እህት እንደሆነች ብቻ አልለየሁም ነበር።

በፈረንጆቹ 1996፣ ሙቀቱ ገና ሳይበረታ፣ ሚስ ኤርነስቲን አፓርታማችን መጣች። በወረቀት ከረጢት ፒካን ይዛለች፤ ቅርፊቱ በእጅ የሚሰበር፣ ውስጡ ቅቤ ቅቤ የሚል ፍሬ ነው። አባቴ ሥራ ላይ ነበር። እናቴ እንግዳዋን የምታስቀምጥበት ጠፍቷት ስትሯሯጥ ሚስ ኤርነስቲን ያዝ አደረገቻት።

"ውድነሽ፣ ተቀመጪ። እጅሽን አሳዪኝ።"

እናቴ መዳፏን ዘረጋች። ከሳሙናው ብዛት ጣቶቿ መሃል ተሰነጣጥቋል።

"ይሄ እጅ በሰው ቤት የሰውን እናት ሲያነሳ እስከ መቼ ይዘልቃል? ከመጦሪያው ሁለት አሮጊቶች ወስደሽ በራስሽ ቤት ብትጦሪስ? ፈቃዱን አብረን እናወጣለን። ቤቱ ያንቺ፣ ሥራውም ያንቺ።"

"ቤት የታለኝ?" አለች እናቴ በዚያች በተሰባበረች እንግሊዝኛዋ። "እኔ ቤት የለኝ።"

ሚስ ኤርነስቲን ከረጢቱን ወደ እሷ ገፋ አደረገችው። "የዚህ ፒካን ዛፍ ያለበት ቤት ለሽያጭ ቀርቧል። ኦክ ክሊፍ ሰፈር።"

ከዚያ ስለ አንድ የመዋጮ ገንዘብ ነገረቻት። በደቡብ ዳላስ ያሉ ጥቂት የጥቁር አብያተ ክርስቲያናት ለዓመታት ሲያዋጡ ኖረዋል። አንድ ጥቁር ቤተሰብ የመጀመሪያ ቤቱን ሲገዛ ቅድሚያ ክፍያውን ከዚያ ያሟሉለታል። ብድር አይደለም። የሚጠየቀው የቅዳሜውን ትምህርት መጨረስ፣ በኋላም ለሚቀጥለው ቤተሰብ ማዋጣት ነው። "አባቴ ከጦርነት የተመለሰ ጊዜ ባንኩ አላበድርም አለው" አለች ሚስ ኤርነስቲን። "ሰፈራችሁ አይታመንም አሉት። እኛም አየንና ራሳችን ባንክ ሆንን።"

እኔ ምንጣፉ ላይ ተቀምጬ ፒካን እየሰበርኩ ነበር። የገባኝ ይህ ነው፦ ዘመዶቻችን ተሰብስበው ቤት ሊገዙልን ነው። ምንም አልገረመኝም። ዘመድ ምን ሊሠራ ነው?

አባቴ ሲመጣ እናቴ ነገረችው። እስከ ግማሽ ድረስ በትዕግሥት ሰማትና ሳቀ።

"የዘመዶቻችንን ምጽዋት?"

"ምጽዋት አይደለም፣ ክፍሉ" አለችው። "ድርሻችሁ ነው ብላኛለች።"

"የምን ድርሻ? እኛ ከነሱ ጋር ምን አለን?"

"እድር በለው።"

"እድር ለሞተ ነው።"

"ይሄ በቁም ላለ ነው" አለች እናቴ። እንዲህ ቶሎ መልስ ስትሰጠው አይቼ አላውቅም ነበር።

እኔ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ሆኜ በአባቴ አፈርኩ። "ምን አለን?" ይላል እንዴ ሰው፣ ስለ ገዛ ሥጋው?

እናቴ የቅዳሜውን ትምህርት ጀመረች። እኔን የምትተውበት ሰው ስለሌላት ይዛኝ ትሄዳለች። የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ የወለል ሰምና የተጠበሰ ዶሮ ይሸታል። አንድ ቀን ከትምህርቱ በኋላ ሚስ ኤርነስቲን ቤቱን አሳየችን። ቢጫ ጡብ፣ ዝቅ ያለ ጣሪያ፣ የግቢውን ግማሽ የሸፈነች ፒካን። እናቴ የኋለኛው ክፍል ገብታ ግድግዳው ሥር ቆመች። "እዚህ አንድ አልጋ፣ መስኮቱ ጋ አንድ አልጋ" አለች ለራሷ በአማርኛ። ከዚያ ወጥ ቤት ገብታ ቧንቧውን ከፈተችና እጇን ታጠበች። እጇ ንጹሕ ነበር። ታጥባ ስትጨርስ የምታደርቅበት ፎጣ ፈለገች፤ በባዶ ቤት ውስጥ፣ እንደ ለመደ ሰው፣ ወደ ግድግዳው እጇን ሰደደች።

አባቴም እየላላ መጣ። አንድ ቀን ራሱ ሄዶ አየውና፣ "ታክሲዋን በር ላይ ፓርክ ማድረጊያ አለው" አለ። እናቴ ይህን እንደ እሺታ ቆጠረችው። እሺታም ነበር። የቀረው አንድ ምሽት ብቻ ነው፤ ቤተሰቦቹ ባልና ሚስት ሆነው አባላቱ ፊት ቀርበው የሚተዋወቁበት። አባቴ በእናቴ እንግሊዝኛ አልተማመነም። ጋሽ ምናሴን አስተርጓሚ አድርጎ ይዞት መጣ።

ጋሽ ምናሴ ከረባት አስሮ ነበር። አዳራሹ ሞልቷል። አሮጊቶቹ የቀብር አስፈጻሚ ስም የታተመበት የወረቀት ማራገቢያ ይዘው ያራግባሉ። ሚስ ኤርነስቲን ነጭ ባርኔጣ አድርጋ ፊት ለፊት ተቀምጣለች፤ ዋስ የሆነችን እሷ ናት። ከእኛ በፊት የቀረቡት ቤተሰቦች ሁለት ሦስት ቃል እየተናገሩ ተጨብጭቦላቸው ተቀመጡ። እኛ ስንቆም ሰብሳቢው ሚስተር ሃስኪንስ፣ ረዥም ሽማግሌ፣ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቀለ።

"እንኳን ደህና መጣችሁ" አለ። "አንዳንድ አባሎቻችን ጠይቀውኛል፤ እኔም በግልጽ ብጠይቃችሁ ይሻላል። ይህ ገንዘብ አያቶቻችን ከጥጥ ለቀማ፣ ከሰው ወጥ ቤት ያመጡት ነው። እናንተ ከሩቅ መጥታችኋል። ከእኛ ጋር ራሳችሁን እንዴት ታዩታላችሁ?"

ክፋት አልነበረበትም። ያን ድምፅ ዛሬም እሰማዋለሁ፤ ክፋት አልነበረበትም። የሚፈልገው አንድ ቃል ነው፤ ማንኛውም ጨዋ ሰው የሚሰጠው አንድ ቃል።

አባቴ ወደ ጋሽ ምናሴ ዘንበል ብሎ፣ "ምን ልበለው?" አለ።

"ተወው፣ እኔ አስረዳዋለሁ።" ጋሽ ምናሴ ጉሮሮውን ጠረገና በእንግሊዝኛ ጀመረ። "ጥሩ ጥያቄ ነው። እኛ ኢትዮጵያውያን ነን። ማለቴ፣ አገራችን ጥቁር የሚባል ነገር የለም። ጥንታዊ ሕዝብ ነን። የራሳችን ፊደል አለን፤ ባርነት አልነካንም። ሶ፣ ከእናንተ የተለየ ታሪክ ነው ያለን፤ ግን እርዳታችሁን በጣም እናደንቃለን።"

ማራገቢያዎቹ ቆሙ።

ያን ጊዜ ጋሽ ምናሴ ንግግሩ ያማረለት መስሎኝ ነበር። ዛሬ ግን እንደዚያ አላየውም። ሰው የሚያበላው እጅ ላይ ሲተፋ አይቻለሁ፤ ከረባት አስሮ፣ ፊደል ቆጥሮ፣ በትሕትና ሲተፋ ያየሁት ግን ያን ዕለት ብቻ ነው። ደግሞም ውሸቱን ነው። ባርነት እንዴት እንደነካን፣ እነማን ባሪያ እነማን ጌታ እንደነበሩ፣ እዚያው አገራችን ውስጥ ማን ማንን በምን ስም እንደሚጠራ እሱም አባቴም አሳምረው ያውቃሉ።

እናቴ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛለች። ከንፈሯ ነጥቷል። አዳራሹ ጸጥ እንዳለ አየሁና አንድ ነገር እንደተረሳ ገባኝ። ዋናውን ነገር ሳይነግራቸው ቀረ! ከቤታችን አዋቂዎች ሁሉ ይልቅ እንግሊዝኛ የምችለው እኔ ነኝ። ብድግ አልኩ።

"እኛ እኮ ዘመዶቻችሁ ነን" አልኩ። "አባቴ ሁልጊዜ ይላል። እናቴም ትላለች። ቤታችን ውስጥ ጥቁር ሰዎች አንልም፤ ዘመዶቻችን ነው የምንለው። ሁላችሁንም።"

አንዲት አሮጊት "ጌታ ሆይ!" አለች። ከኋላ አንድ ሰው ማጨብጨብ ጀመረ። ከዚያ አዳራሹ በሙሉ ተነሣ። ሚስተር ሃስኪንስ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን በመሐረብ ያዘ። አንዱ አባቴን አቀፈው። አባቴ እጆቹን እንዳንጠለጠለ ታቀፈ። ሌላው ጋሽ ምናሴን ትከሻውን መታ መታ እያደረገ፣ "ከሁላችንም ልጅቷ አወቀች" ይለዋል።

ሚስ ኤርነስቲን መጥታ ፊቴ ተንበረከከች። ባርኔጣዋ ዘንበል ብሏል። ዓይኖቿ ሞልተዋል።

"በቋንቋችሁ እንዴት ነው የምትሉት?" አለችኝ። "ያን ቃል።"

"ዘመዶቻችን።"

አፌን አየች። "ዘ-መ-ዶ-ቻ-ችን" አለች፣ ልክ ስሜን እንደተማረችው ዓይነት፣ አንድም ፊደል ሳትስት።

አባቴንም ጋሽ ምናሴንም አላየችም። ቀና ብላ ያየችው እናቴን ነው። ለረጅም ጊዜ አየቻት። እናቴ ወለሉን አየች።

እኔ ደስ አለኝ። አክስቴ ማን መሆኔን አወቀች፣ እህቷንም አገኘች ብዬ አሰብኩ።

እናቴ ያን ቃል በመጦሪያው የምሳ ክፍል ስልክ ይዛ ስንት ጊዜ እንዳለችው አላውቅም። ከሚስ ኤርነስቲን ጋር በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጣ፣ የሚስ ኤርነስቲንን ዳቦ እየበላች፣ በስልኩ ውስጥ ካለ ሰው ጋር እየሳቀች። ያ ጆሮ፣ አንድ ቃል የማያመልጠው ጆሮ፣ አጠገቧ ነበር። ሚስ ኤርነስቲን ትርጉሙን ሳታውቅ ድምፁን ይዛ ኖራለች፤ ሳቁንም ጭምር። ያን ምሽት ትርጉሙን የሰጠኋት እኔ ነኝ።

አንድ ቃል ብትናገር ኖሮ ጭብጨባው እዚያው ይሞት ነበር። አልተናገረችም። ተነሣች፣ ባርኔጣዋን አስተካከለች፣ ከሰዎቹ ጋር አጨበጨበች።

መኪና ውስጥ ጋሽ ምናሴ ትን እስኪለው ሳቀ። "አይ ሰርካዲስ! ዘመዶቻችሁ ነን? አስጨበጨብሽላቸው እኮ! እኔ አበላሽቼው እሷ አዳነችው!"

አባቴ አልሳቀም። መሪውን በሁለት እጁ ይዞ፣ "ሴትየዋ አውቃለች" አለ።

"ምኑን?"

"ቃሉን። ፊቷን አላየህም? አውቃለች።"

ጋሽ ምናሴ ሳቁን ተወ። እናቴ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። እኔ በኋላ ወንበር ላይ ሆኜ ይህን ሁሉ እየሰማሁ ግራ ገባኝ። ብታውቅ ምን አለበት? እንድታውቅ አይደል የነገርናት?

በሚቀጥለው ሳምንት እናቴ ሺፍቷን ቀየረች። ከሚስ ኤርነስቲን ጋር እንዳትገናኝ መሆኑን ማንም አልነገረኝም። ስለ ቤቱ ማውራት ቆመ። የፒካኑ ከረጢት ከመደርደሪያው ጠፋ።

ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። አባቴ በቀዳዳው አየና ወደ ኋላ አፈገፈገ። ቴሌቪዥኑን አጠፋው። ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። እናቴ ከወጥ ቤት መጥታ ከኋላ አቀፈችኝ፤ መዳፏን አፌ ላይ አኖረች። ሳሙና ሳሙና ይላል።

ድብብቆሽ መስሎኝ ነበር። ሳቄን ያዝኩ።

"ውድነሽ" አለ ድምፁ ከውጭ። ሚስ ኤርነስቲን ናት። ቀስ ብላ እያወራች ነው፤ የጎረቤቱ አየር ማቀዝቀዣ እየጮኸ አልሰማ አለኝ። ከምትለው ሁሉ "ፍራይደይ" የሚለውን ብቻ ለየሁ። ሁለት ጊዜ ብላዋለች። ከዚያ በአማርኛ፣ "ውድነሽ፣ ነይ" አለች።

የእናቴ መዳፍ አፌ ላይ ከበደ።

"ነይ።"

አባቴ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ከቆይታ በኋላ ኮቴዋ ደረጃውን ሲወርድ ተሰማ። አባቴ ቴሌቪዥኑን መልሶ ከፈተው፤ ኳስ ነበር።

አርብ ትመጣለች ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። አርብ ከትምህርት ቤት ስመለስ የእሁድ ቀሚሴን ለበስኩና መስኮቱ ሥር ተቀመጥኩ። አልመጣችም። የፓርኪንጉ መብራት ሲበራ እናቴ መጥታ ቀሚሴን ራሷ አወለቀችልኝ። "ሚስ ኤርነስቲን ረስታናለች" አልኳት።

"አዎ" አለች እናቴ።

በኋላ አባቴ፣ "ባንቺ ምላስ ተቆጥተው ቤቱን ከለከሉን" አለኝ። አመንኩት። ምን እንዳልኩ ባይገባኝም የከፋ ነገር ማለቴን አመንኩ፤ ብዙ ዓመት ሰው ፊት እንግሊዝኛ ስናገር ላብ ያጠምቀኝ ነበር። ታሪኩ ግን ከዚያ ቤት ውስጥ አልቀረም። ጋሽ ምናሴ አሳመረው፣ ጨዋታ አደረገው። በየልደቱ፣ በየክርስትናው፣ "ቤት ያስመለጠችው ሰርካዲስ" እየተባልኩ አደግኩ።

አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላኝ ለኮሌጅ ማሳቹሴትስ ሄድኩ፣ ለጥቁር ተማሪዎች በተዋጣ ገንዘብ። ማመልከቻው የተማሪውን ዘር በሚጠይቅበት ቦታ ላይ አባቴ ራሱ በጣቱ እያሳየ፣ "እዚህ ጋ ጥቁር በይ" አለኝ። ጋሽ ምናሴ ከተማው ለጥቁር ነጋዴዎች ከለየው ሥራ የሰው ማመላለሻ ኮንትራት ወስዶ ሮውሌት በምትባል ከተማ ሐይቅ ዳር ቤት ሠራ። ያኔ ስለ ጥንታዊ ፊደላችን ማንም አላስረዳም። ለመውሰድ ጥቁር ነን፤ አብሮ ለመቆም ሲሆን ሐበሻ።

እኔ ሩቅ ተምሬ፣ አልመለስም ብዬ፣ ተመለስኩ። ለምን እንደተመለስኩ በቅጡ አላውቅም። የተማርኩት ትምህርት ለማንም የጠቀመ ነገር የለውም ብዬ የማስብባቸው ቀናት ይበዛሉ። ኦክ ክሊፍ ሄጄ ቤቱን አይቻለሁ። ፒካኗ አለች። እናቴ ሌዊስቪል ከተማ የኪራይ አፓርታማ ውስጥ ናት። ጉልበቷ አልቋል፤ በሳምንት ጥቂት ቀን ዛሬም የሰው እናት ታነሳለች።

ባለፈው በልግ የጋሽ ምናሴ ልጅ ነቢዩ ግሬፕቫይን ባለ ሆቴል ውስጥ አገባ። እኛን ከሽማግሌዎቹ ጋር አስቀመጡን። ጋሽ ምናሴ ፀጉሩ ነጭ፣ ድምፁ ግን ያው ነው። ጠረጴዛው ላይ ለነበሩት አዲስ ሰዎች ጣቱን ወደ እኔ ቀስሮ፣ "ይቺን አያችኋት? ቤት ያስመለጠች እኮ ናት!" ብሎ ጀመረ። ከረባቱን፣ ጭብጨባውን፣ ሁሉንም። ሰው በሳቅ ወደቀ። "ከዚያማ ሲገባቸው ከለከሏቸዋ!" ብሎ ጨረሰ።

"አልከለከሉንም" አለች እናቴ።

ሹካዋን አስቀምጣለች። ሁልጊዜ እዚህ ቦታ ላይ ፈገግ ነበር የምትለው።

"ኤርነስቲን መጥታለች። በሩ ላይ ቆማ፣ ቤቱን ይዘንልሽ ነው፣ እስከ ፍራይደይ መጥታችሁ ፈርሙ፣ እኔ ለማንም ምንም አልተናገርኩም ብላኛለች። አውቃ ነው የመጣችው። ተሰድባ ነው የመጣችው። በሩን ያልከፈትኩት እኔ ነኝ። ልጄ ላይ ስትስቁ ዝም ያልኩትም እኔ ነኝ።"

አባቴ ብርጭቆውን ያሽከረክራል። ቀና አላለም።

እኔ መስኮቱ ሥር ነበርኩ፣ በእሁድ ቀሚሴ። አርብ የምትመጣው እሷ አልነበረችም ለካ። መሄድ የነበረብን እኛ ነን። ቤቱ የእኛ ሆኖ፣ አንድ ደረጃ ወርዶ መኪና ማስነሣት ብቻ ቀርቶ ነበር። ሰው ይቅር ሲለው ማየት ስላልቻለ አባቴ ቴሌቪዥን ከፈተ።

"እንግዲህ ያለፈ ነገር" አለ ጋሽ ምናሴ።

በዚህ መሃል ሳህን የምታነሳ ሴት መጣች፤ የሆቴሉን ጥቁር ሰደርያ የለበሰች፣ እናቴ ያኔ በነበረችበት ዕድሜ ያለች ጥቁር አሜሪካዊት። ጋሽ ምናሴ እንደ ልማዱ ድምፁን ዝቅ አደረገና፣ "በሉ ዝም በሉ፣ ዘመዶቻችን መጡ" አለ። አንድ ሁለት ሰው ሳቀ።

ሴትየዋ ሳቁን አይታ ለጨዋነት ፈገግ አለች። "ምን አሉ እሳቸው?" አለችኝ።

በእንግሊዝኛ ነገርኳት። "ዘመዶቻችን መጡ ነው ያለው።"

"ኦው" አለች። ነፃ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ወደ ጋሽ ምናሴ ዞራ፣ "አመሰግናለሁ አባቴ፣ ዛሬ የሰማሁት ደግ ነገር እሱ ብቻ ነው" አለችው።

ቢገባቸውም ደስ ይላቸዋል። እንዳለው ሆነ።

ይህችን ሴት ለቁጣዬ እየተጠቀምኩባት መሆኔ ገብቶኛል። ምንም ያላጠፋች፣ ሥራዋን የምትሠራ ሴት ናት። ግን ማቆም አልቻልኩም። ዕድሜዬን ሙሉ "እርስዎ" ያልኩትን ሰው ዓይኑን እያየሁ፣ "ቀሪውን ንገራት" አልኩት። "እንግሊዝኛህ ጥሩ አይደል? አስተርጓሚያችን አንተ አይደለህ? ንገራት።"

ጋሽ ምናሴ ወደ ሳህኑ አጎነበሰ። አባቴ ጣቱን ወደ ከንፈሩ ሲያነሳ አየሁት፤ ያን ቀን እንዳደረገው። እናቴ እጇን አፏ ላይ አድርጋለች፤ የራሷ አፍ ላይ።

ሴትየዋ ሳህኑን እንደያዘች፣ ፈገግታዋ ገና ሳይጠፋ፣ አንድ በአንድ እያየችን ትጠብቃለች። እንደ ያን ቀኑ በር፣ የሚከፍትላት ሰው አልነበረም።